በቤት ስለሚገኝ የቀድሞ ዘመን የሸክላ ማጫወቻ፤ ለጀማሪ የሚሆን ምክር

ከአባትና ከእናት የተወረሰ ዕቃ በብዙ ቤት ይገኛል፤ ዳሩ ግን ዕቃን ወድዶ ማኖርና ዐውቆ ማኖር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ጋሻና ጐራዴ ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢኖር ክብሩ አይጐድልበትም። ድምፅ እንዲያሰማ የተሠራ ዕቃ ግን ዝም ብሎ ከተቀመጠ ከሣጥን አይለይም። በዛሬው ገጻችን የምንናገረው በሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ፥ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ስለሚኖረው ስለ ቀድሞው ዘመን የሸክላ ማጫወቻና ከእርሱ ጋራ ስለሚሠሩት መሣሪያዎች ነው።

ክቡራንና ክቡራት አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ በዛሬው ጊዜ ዘፈኑም ንግግሩም ሁሉ በእጅ ስልክ ይሰማል። ይህም ሆኖ ብዙ ወጣቶች የአያቶቻቸውን ማጫወቻ ከዕቃ ቤት እያወጡ፥ ሌሎችም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እየገዙ ለመስማት ይጥራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረውን መሣሪያ በእንግዳ ፊት ለማሳየት ሲባል በዚያው ምሽት ከኤሌክትሪክ ጋራ ማያያዝ ልማድ ሆኗል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወይ ከመሣሪያው ጢስ ይወጣል፥ ወይም ያረጀው መርፌ ሸክላውን ፍቆ ያበላሸዋል። የተቃጠለው መሣሪያ በባለሙያ እጅ ሊታደስ ይችላል፤ ከሸክላው ላይ የተፋቀው ድምፅ ግን አይመለስም። ስለዚህ ጀማሪ ሁሉ ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ ይህን በልቡ ይያዝ፤ ማጫወቻው ለሸክላው አገልጋይ ነው እንጂ፥ ሸክላው ለማጫወቻው መሞከሪያ አይደለም።

የተቀረጸ ድምፅ እንዴት ያለ ሀብት እንደ ሆነ ለመረዳት ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር እንጥቀስ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ የሰም በርሜል ላይ ቀርጸው ላኩ። ቃሉ በቤተ መንግሥት ከተሰማ በኋላ፥ ንግሥቲቱ አስቀድመው አዝዘው ነበርና፥ በርሜሉ እንዲጠፋ ተደረገ። ስለዚህ ያን ቃል ዛሬ ማንም ሊሰማው አይችልም። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በመልሱ የተናገሩት ድምፅ ግን ተጠብቆ ስለ ኖረ፥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ይሰማል። የአንዱ መጥፋትና የሌላው መትረፍ በጥበቃ ብቻ የመጣ ልዩነት መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ሸክላው ዓይነት

ድምፅን ቀርጾ መልሶ ማሰማትን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ነው፤ ዘመኑም 1877 ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ኤሚል በርሊነር ድምፁ በበርሜል መሆኑ ቀርቶ በጠፍጣፋ ክብ ሰሌዳ ላይ የሚቀረጽበትን ግራሞፎን አመጣ። በአገራችን ሸክላ የተባለው ይህ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከ1914ቱ የዓለም ጦርነት በፊት ወደ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ፥ ስማቸው ከኢትዮጵያ ቀዳሚዎች ጋራ ይነሣል።

በቤት የሚገኙት ሸክላዎች በሦስት ይከፈላሉ። 1ኛው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ነው። ይህ ላክ ከሚባል ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ በመሆኑ ከባድ ነው፤ ከእጅ ከወደቀም እንደ ጀበና ይሰበራል። በአንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ወይም ጥቂት በለጥ የሚል ጊዜ ብቻ ያሰማል። 2ኛው ኮሎምቢያ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1948 ያወጣው፥ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ የሚዞረው ሰፊው ሸክላ ነው። ቪኒል ከሚባል ፕላስቲክ ስለ ተሠራና መሥመሩ ስለ ጠበበ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይሰማል። 3ኛው በ1949 የወጣው፥ ስፋቱ 7 ኢንች የሆነው፥ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን ድርጅት ከፍቶ ያሳተማቸው የአዲስ አበባ ዘፈኖች አብዛኛዎቹ በዚህ በትንሹ ሸክላ የወጡ ናቸው። እነዚህንም የመሰሉ ብዙ ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ገበያ ተፈልገው የማይገኙ ሆነዋልና፥ በቤቱ ያለው ሰው እንደ ተራ ዕቃ አይይዛቸው።

ስለ ድምፁ መንገድ

ጀማሪ የሚያደናግረው የመሣሪያው ብዛት ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። በሸክላው ፊት ላይ ያለው ቀጭን መሥመር በዓይን የማይታይ ማዕበል አለበት። መርፌው በዚያ መሥመር ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። የመርፌው ቤት፥ ካርትሪጅ የሚሉት፥ ያን መንቀጥቀጥ ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ይለውጣል፤ ይኸውም በማግኔት የሚሠራው ዓይነት ከአንድ ቮልት ሺሕኛ 5 እጅ ያህል ብቻ ይሰጣል። አምፕሊፋየር የሚባለው መሣሪያ ይህን ደካማ ኀይል ያበረታዋል። ድምፅ ማጉያው ደግሞ የበረታውን ኀይል ተቀብሎ ከወረቀት የተሠራውን ሸራውን በማንቀሳቀስ አየሩን ይመታል፤ እኛም እንሰማለን። እንግዲህ መርፌ፥ አምፕሊፋየር፥ ድምፅ ማጉያ፤ መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ የተበላሸውን ድምፅ በስተ መጨረሻ ያለው ዕቃ ሊያቃናው አይችልም። ስለዚህ ብዙ ሰው በትልቅ ድምፅ ማጉያ ገንዘቡን ሲጨርስ፥ ዐዋቂ ግን ከመርፌው ይጀምራል።

በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ፎኖ ተብሎ የተጻፈበት ልዩ መግቢያ አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ እንዲቀንስ፥ ቀጭኑ እንዲበረታ ይደረጋል፤ ይህ ባይሆን መሥመሩ ሰፍቶ ሸክላው ባልበቃም ነበር። በዚህ መግቢያ ሲገባ የቀነሰው ይጨመራል፥ የተጨመረውም ይቀነሳል። ልኩም በ1954 በአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ዘንድ አንድ እንዲሆን ተወሰነ። ሰው ሳያውቅ ገመዱን በሌላ መግቢያ ያገባው እንደ ሆነ ድምፁ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ይቀጥናል፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ብቻ ደኅናውን ማጫወቻ ተበላሽቷል ብለው ጥለውታል።

ስለ መርፌው

የ78ቱ መርፌ ጫፍ ከመጀመሪያዎቹ የ33 ሸክላዎች መርፌ ጫፍ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። ወፍራሙ መርፌ በጠባቡ መሥመር ላይ ቢሄድ ይቦረቡረዋል፤ ቀጭኑም በሰፊው መሥመር ውስጥ ቢገባ ከታች እየተንከባለለ ጩኸት ብቻ ያሰማል። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት ሸክላ ያለው ሰው ሁለት መርፌ ሊኖረው ግድ ነው።

በእጅ የሚጠመዘዘው ጥንታዊ ግራሞፎን ክንዱ እጅግ ከባድ፥ መርፌውም ብረት ነው። በእርሱ ላይ የ78 ሸክላ ብቻ ይጫወት፤ የብረቱም መርፌ ለእያንዳንዱ ገጽ ይለወጥ። ቪኒል የሆነውን ሸክላ በዚህ መሣሪያ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ማጫወት ማጥፋት ነው። በ1958 ገበያ የወጣው የስቴሪዮ ሸክላም ከዚያ በፊት ለአንድ ድምፅ ብቻ በተሠራ መርፌ ላይ አይጫወት፤ የስቴሪዮው መሥመር መርፌውን ወደ ጐንም ወደ ላይና ወደ ታችም ያንቀሳቅሰዋልና፥ ወደ ላይ መላወስ የማይችለው መርፌ መሥመሩን ይፍቀዋል።

የመርፌው ክብደትም በልክ ይሁን። በ1970ዎቹ ለተሠራው በማግኔት ለሚሠራ ካርትሪጅ ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም ተኩል እስከ 2 ግራም ተኩል ይበቃል። አንዳንድ ሰው መርፌው እንዳይዘል ከክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም ይጭናል፤ ይህ ሸክላውን ማረስ ነው። እጅግ ማቅለልም እንደዚሁ ጉዳት አለው፤ መርፌው በመሥመሩ ውስጥ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታዋልና። ልኩን የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን በርካሽ ይገኛል። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ያገለግላል፤ የሰንፔሩ ግን ዕድሜው ከዚህ እጅግ ያጠረ ነው። ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ ከአሮጌ ማጫወቻ ጋራ ከተገኘ፥ ሳይሰማ አስቀድሞ ይለወጥ።

ስለ ኤሌክትሪኩ

በኢትዮጵያ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። የአሜሪካው ግን 120 ቮልት ሆኖ 60 ጊዜ ይመላለሳል። ከአሜሪካ የመጣውን መሣሪያ በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋራ ማያያዝ ማቃጠል መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ስለዚህም ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛል። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ መመላለሱን አይለውጥም። ከኤሌክትሪኩ መመላለስ ጋራ እኩል የሚዞር ሞተር ያለው የአሜሪካ ማጫወቻ በእኛ አገር ከስድስት አንድ እጅ ይዘገያል፤ የዘፋኟም ድምፅ የወንድ ይመስላል። መድኀኒቱ ሞተሩ ላይ ያለውን፥ ቺንጋውን የሚያዞረውን ትንሽ መንኰራኵር ለ50 በተሠራው መለወጥ ነው።

ፍጥነቱን ለመመርመር ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። በሸክላው ጠርዝ በኩል፥ በማዞሪያው ላይ፥ ትንሽ ወረቀት ምልክት አድርጎ ሰዓት ይዞ መቍጠር ነው። የ33ቱ ፍጥነት ትክክል ከሆነ በሦስት ደቂቃ ልክ 100 ጊዜ ይዞራል፤ የ45ቱ 135፥ የ78ቱም 234 ጊዜ ነው። ከላይ የተናገርነው የአሜሪካ ማጫወቻ ግን በመቶው ፈንታ 83 ያህል ብቻ ይቈጠርለታል።

ስለ አደጋውም ሳንናገር አናልፍም። በመስተዋት አምፑል የሚሠራው የቀድሞ ዘመን አምፕሊፋየርና ራዲዮ በውስጡ ከ250 እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ኀይል ይዟል፤ ይህም ሰው ይገድላል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኀይሉ ኮንደንሰር በሚባለው ዕቃ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊቈይ ይችላል። ትራንስፎርመር የሌለው አንዳንድ ትንሽ ራዲዮ ደግሞ የውስጥ ብረቱ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋራ በቀጥታ የተያያዘ ነው። ስለዚህ ክዳኑን መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው እንጂ የባለቤቱ አይደለም፤ ልጆችም እንዳይነኩት ይከልከሉ።

ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የኖረ መሣሪያ በውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ደርቀው ወይም ኀይል የሚያሾልኩ ሆነው ይገኛሉ፤ ድንገት ሙሉውን ኀይል ሲቀበሉ ይፈነዳሉ፥ ትራንስፎርመሩንም ያቃጥላሉ። ባለሙያ የሆነ ሰው ግን አስቀድሞ ይመረምራቸዋል፥ የሚለወጠውን ይለውጣል፥ ከዚያም ኀይሉን ከጥቂት ጀምሮ እያደር ይጨምርለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። አምፑል ያለውን አምፕሊፋየር ድምፅ ማጉያው ሳይያያዝ ማብራትም ትራንስፎርመሩን ስለሚጐዳ ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ግዢ

አዲስ ገዢ የስመ ጥር ዕቃዎችን ወሬ ሲሰማ ልቡ ይማረካል። በእንግሊዝ አገር በ1954 የወጣው ጋራርድ 301፥ በስዊስ በ1957 የወጣው ቶረንስ ቲዲ 124፥ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የወጣው የኳድ ድምፅ ማጉያ፥ እውነት ነው፥ እስከ ዛሬ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ፥ ጥገናቸውም ዐዋቂ የሚሻ ስለ ሆነ ለመጀመሪያ አይመከሩም። ለጀማሪ የሚሻለው በ1970ዎቹ የተሠራ፥ ራዲዮውና አምፕሊፋየሩ በአንድ ሣጥን የሆነ፥ በትራንዚስተር የሚሠራ መሣሪያና በዚያው ዘመን የተሠራ ጠንካራ ማጫወቻ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ ናቸው፤ ዘመናቸው ቅርብ ስለ ሆነም ለጥገና አያስቸግሩም። ዛሬ በሻንጣ አምሳል ተሠርተው በርካሽ የሚሸጡት አዲስ ማጫወቻዎች ግን ብዙዎቹ መርፌያቸው ከባድ ስለ ሆነ፥ ውድ ሸክላ ላለው ሰው አይሆኑም።

ገዢ ወደ ነጋዴው ሲሄድ የራሱን አንድ ሸክላ ይዞ ይሂድ፤ ይኸውም ቢጐዳ የማያሳዝነው ይሁን። መሣሪያው በፊቱ እንዲበራ ይጠይቅ። ሸክላው ሳይጫወት ከድምፅ ማጉያው የሚሰማ ከባድ ጕምጕምታ ካለ የኮንደንሰር ሕመም መሆኑን ይጠርጥር። የድምፁን መጨመሪያ ሲያዞሩት ቢንጫጫ አቧራ ነው፤ ይህ አያስፈራም። የማጫወቻውን ክንድ በጣት ጫፍ ከዳር እስከ መካከል ያንቀሳቅስ፤ ሳይያዝ በቀላሉ ሊሄድ ይገባዋል። የድምፅ ማጉያውን መሸፈኛ አንሥቶ በሸራው ዙሪያ ያለውን ጠርዝ በቀስታ ይንካ፤ ከስፖንጅ የተሠራው ዓይነት በሃያ ዓመት ገደማ በስብሶ እንደ ዱቄት ይረግፋልና፥ እንደዚህ ሆኖ ቢገኝ የማሠሪያው ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስለት። የእንጨቱ መወልወል ግን አያታልለው፤ የሚሰማው እንጨቱ አይደለም።

ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ድምፅ ማጉያውና ማጫወቻው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ፤ መንቀጥቀጡ ወደ መርፌው ተመልሶ ይጮኻል። ማጫወቻው የሚቀመጥበት ቦታ የረጋና የተስተካከለ ይሁን። በአምፕሊፋየሩና በድምፅ ማጉያው ጀርባ የተጻፈው የኦም ቍጥር እርስ በርሱ ይስማማ፤ የቀዩና የጥቁሩ ሽቦ አያያዝም በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአንዱ በኩል የተገለበጠ እንደ ሆነ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል።

ስለ አያያዝ

ሸክላ በጠርዙና በመካከሉ ወረቀት ብቻ ይያዛል እንጂ ፊቱን በጣት አይነኩትም። በቁሙ ይቀመጥ፤ ካጋደለ ይጐብጣል፤ ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ። ከመጫወቱ በፊት አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ቤቱን ለሚያጸዱ ሰዎችም ስለዚህ ነገር አስቀድሞ ማስረዳት የእመቤቲቱ ፈንታ ነው፤ አንድ ጊዜ በሻካራ ጨርቅ የተወለወለ ሸክላ እስከ መጨረሻው ሲንሾካሾክ ይኖራልና። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው አልኮል ነው። የ78ቱ ሸክላ ሙጫ በአልኮል ይሟሟል፤ ስለዚህ እርሱን በለዘብታ ውኃ፥ እጅግ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጨምሮ፥ ወረቀቱን ሳያርሱ ማጽዳትና ወዲያው ማድረቅ ነው።

በመጨረሻም ለባለቤቶች የምናሳስበው ይህ ነው። መርፌው ታድሶ፥ ፍጥነቱ ተስተካክሎ፥ መሣሪያው በባለሙያ ተመርምሮ ከተዘጋጀ በኋላ፥ በሌላ ቦታ የማይገኙትን ሸክላዎች አስቀድሞ በኮምፒዩተር ማስገልበጥ ይገባል። በአንዳንድ ቤት የአባት ወይም የእናት ድምፅ በሠርግ ቀን በቴፕ ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህንም የመሰለ ነገር ቅጂው ሳይበዛ ደጋግሞ ማጫወት አይገባም። ቅጂው ካለ ግን ዋናውን በልክ እየሰሙ መደሰት ነው። የቤቱ ሽማግሌዎችም በሚሰሙበት ጊዜ ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ፥ ሸክላው መቼና ከማን እንደ ተገዛ ይናገሩ፤ ከልጆቹም አንዱ ጽፎ ከሸክላው ከረጢት ጋራ ያኑረው። ድምፁን መርፌው ያሰማል፤ የማን እንደ ሆነ ግን የሚያውቀው ሰው ካልነገረ መሣሪያ ሊናገረው አይችልም።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ ስለ ቴፕና ስለ ካሴት አያያዝ እንናገራለን።